ጸሎታችን ያልተሰማ ሲመስለን



ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን፥ ካህኑን ወይም መምህሩን ለብቻው ጠብቆ በዝግታ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ “ይህን ያህል ዘመን ለመንሁ፤ እግዚአብሔር ለምን አልሰማኝም?” የሚል ነው። ጠያቂዋ የታመመ ልጅዋ እንዲድን የዘጠኝ ቀን ጸሎት አድርሳ በዐሥረኛው ቀን የቀበረች እናት ልትሆን ትችላለች። ጠያቂው ዝናብ ሲጠብቅ ዘሩ በአፈር ውስጥ የቀረበት ገበሬ፥ ወይም ወደ ዐረብ ሀገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋበትን ልጁን የሚጠባበቅ አባት ሊሆን ይችላል። በሀገራችን ሰሜናዊ ክፍል ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት፥ ስልክና መንገድ ተቋርጦ የወላጁን መሞት ከወራት በኋላ የሰማ ሰውም ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ብዙዎች ግን ጥያቄውን ለማንም አይናገሩትም። እንዲህ ብሎ መጠየቅ በራሱ ክህደት ስለሚመስላቸው፥ በልባቸው ቀብረው ይይዙታል። የተቀበረውም ጥያቄ ቀስ በቀስ ሥራውን ይሠራል። አስቀድሞ የማታው ጸሎት ይቀራል፤ ቀጥሎም እሑድ ይዘለላል፤ በመጨረሻም ሰውየው በክርክር ሳይሸነፍ፥ ማንም ሳያስተምረው፥ ከእምነቱ ርቆ ይገኛል። የብዙ ሰው እምነት የሚጠፋው የእግዚአብሔርን መኖር የሚክድ መጽሐፍ በማንበብ ሳይሆን ከአንድ መራራ ኀዘን በኋላ ጸሎትን በመተው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ ጸሎታችን ያልተሰማ በሚመስለን ጊዜ እንዴት እንጸልይ ዘንድ እንደሚገባን አብረን እንመልከት።

ከአንጀት የወጣ እንባ

ከሁሉ አስቀድመን ልናውቀው የሚገባን፥ ይህን ጥያቄ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ከእኛ በፊት የጠየቀው መሆኑን ነው። አባቶቻችን ፊደል ቆጥረው እንደ ጨረሱ የሚደግሙትን መዝሙረ ዳዊትን እናስብ። ከ150ዎቹ መዝሙራት ሲሶ የሚያህሉት የኀዘን፥ የአቤቱታና የልመና መዝሙራት ናቸው። በመዝሙር 13 (በግእዙ ዳዊት 12) ዘማሪው፥ እግዚአብሔር እርሱን የሚረሳበትና ፊቱን የሚሰውርበት ዘመን መቼ እንደሚያበቃ አራት ጊዜ ደጋግሞ ይጠይቃል። ያ መዝሙር ቢያንስ በመታመንና በምስጋና ይደመደማል። መዝሙር 88 (በግእዙ 87) ግን እንዲህ ያለ መደምደሚያ እንኳ የለውም፤ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ይፈጸማል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን መዝሙር ከጸሎት መጽሐፏ አላወጣችውም። እንዲያውም በላቲን ሥርዐት የሰዓታት ጸሎት፥ ጌታ በተሰቀለበት ዕለት በዓርብ፥ ከመኝታ በፊት እንዲደገም አድርጋዋለች። በዚያች ሌሊት ልቡ በጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቅ ዘንድ፥ ልባቸው ደስ ያላቸውም ስለ እርሱና በእርሱ ፈንታ ይጸልዩ ዘንድ ነው።

አበው፥ “ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” ይላሉ። እግዚአብሔር የተቀነባበረ ንግግር አይጠብቅብንም። ቁስሉን ሸፍኖ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሕመምተኛ መድኃኒት አያገኝም፤ እንዲሁም ሐዘኑን ደብቆ ምስጋና ብቻ የሚያሰማ ሰው እግዚአብሔርን ቢያከብር እንኳ ልቡን አልሰጠውም።

ነገር ግን ልንለየው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ያለቀሱትን ሁለት ዐይነት ልቅሶ እናነባለን። ሕዝቡ እያንዳንዱ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ፥ የግብፅን ዓሣና ዱባ እያስታወሰ እርስ በርሱ ያጕረመርም ነበር። ሙሴም እንዲሁ ተማረረ፤ እንዲያውም ሸክሙ ከብዶት ሞትን እስከ መለመን ደረሰ። የሙሴ ምሬት ከሕዝቡ ምሬት የቀለለ አልነበረም። ልዩነቱ ሕዝቡ ስለ እግዚአብሔር ማጕረምረሙ፥ ሙሴ ግን ወደ እግዚአብሔር መጮኹ ነው። የሙሴ ቃል ምንም እንኳ የመረረ ቢሆን ጸሎት ሆኖ ተቈጠረ፤ መልስም አገኘ። እግዚአብሔር ሸክሙን ከሙሴ ላይ ጨርሶ አላነሣለትም፤ ሸክሙን አብረውት የሚሸከሙ ሰባ ሽማግሌዎችን ሰጠው። ይህን መልስ ልብ እንበለው፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ጌታ በጌቴሴማኒ

ክርስቲያን ስለ ጸሎት ሲጠይቅ ሁልጊዜ ወደ ጌታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ ጸሎት ይመለሳል። በሕማሙ ዋዜማ በጌቴሴማኒ የአትክልት ስፍራ የሆነውን ወንጌላውያን ሳይሸሽጉ ጽፈውልናል። የእግዚአብሔር ልጅ አዘነ፥ ተጨነቀ፥ በምድር ላይ በግንባሩ ተደፋ። ቢቻልስ ያ ጽዋ ከእርሱ ያልፍ ዘንድ አባቱን ለመነ። ሦስት ጊዜ ሄዶ ያንኑ ቃል ደገመ (ማቴ. 26፥36-46)። ከቅርብ ደቀ መዛሙርቱም ሦስቱን ይዞ ነበር፤ አብረውት እንዲተጉ ቢጠይቃቸው እንቅልፍ አሸነፋቸው።

እንግዲህ በጸሎት ያንኑ ቃል እየደጋገሙ መለመን የእምነት ማነስ አይደለም፤ ጌታ አድርጎታልና። መጨነቅና ማዘንም ኀጢአት አይደለም፤ ኀጢአት የሌለበት እርሱ አዝኖአልና። በሐዘን ጊዜ የሰውን አብሮነት መፈለግም ድካም ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም፤ ጌታ ፈልጎታልና።

ይሁን እንጂ ጽዋው አላለፈም። ያች ሌሊት በመያዝ፥ ቀኑም በመስቀል ተፈጸመ። ታዲያ የጌታ ጸሎት አልተሰማም ማለት ነውን? የዕብራውያን መልእክት ግን በምዕራፍ 5 ቁጥር 7 የሚያስደንቅ ነገር ይነግረናል። ክርስቶስ ከሞት ሊያድነው ወደሚችለው በብርቱ ጩኸትና በእንባ እንደ ጸለየ፥ ስለ አክብሮቱም እንደ ተሰማለት ይመሰክራል። ተሰማለት፤ ነገር ግን ሞተ። ይህን እንዴት እናስማማዋለን? ቅዱስ ሉቃስ በጌቴሴማኒ የሚያበረታው መልአክ ከሰማይ እንደ ታየው ይጽፋል (22፥43)። መልአኩ ሰንሰለት ሊፈታ ወይም ወታደሮቹን ሊመልስ አልመጣም፤ ሊያበረታው መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አብ ልጁን ከሞት አስነሣው። ስለዚህ የአብ መልስ ከሞት በፊት ብርታት፥ ከሞት በኋላ ትንሣኤ ሆኖ መጣ። ሞትን ከመንገዱ ከማስወገድ ይልቅ ሞትን ራሱን ከውስጥ ሰበረው።

በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድና ስንጾም የምናስበው ይህንኑ ነው። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ የመዝሙር 22ን (በግእዙ 21) መጀመሪያ ይዞ ወደ አባቱ ጮኸ። ስለ ምን እንደ ተተወ የሚጠይቀውን የጥንቱን የሐዘንተኞች ጩኸት የራሱ ጸሎት አደረገው። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ማንም ሰው እግዚአብሔር የተወው ሆኖ ሲሰማው፥ እግዚአብሔር ወልድ አስቀድሞ ያልደረሰበት የጨለማ ስፍራ ላይ አይገኝም።

ከዚህ የተነሣ ግን መከራን እግዚአብሔር ይወደዋል ብለን እንዳናስተምር እንጠንቀቅ። ጌታ የታመሙትን ፈወሰ፥ የተራቡትን አበላ፥ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ። መከራን እንደ በጎ ነገር አላወደሰም። በመከራ ውስጥ ሳለንም አይተወንም።

የቅድስት ሞኒካ እንባ

በአፍሪቃችን ምድር፥ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው ሀገር፥ በአራተኛው ምእት ዓመት የኖረችው ቅድስት ሞኒካ የጸሎት እናት ናት። ልጇ አውግስጢኖስ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ በስሕተት ትምህርት በመኖሩ ዘወትር በእንባ ትጸልይ ነበር። በ383 ዓመተ ምሕረት (እ.አ.አ.) አውግስጢኖስ ከቅርጣግና ወደ ሮም በመርከብ ለመሄድ ቈረጠ። እናቱ ከፊትዋ ከራቀ ፈጽሞ የሚጠፋ ስለ መሰላት፥ በባሕሩ ዳር በሚገኘው በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቤተ ጸሎት ሌሊቱን ሁሉ እያለቀሰች፥ እንዳይሄድ እግዚአብሔርን ለመነች። እርሱ ግን አታልሏት በዚያችው ሌሊት ተሳፍሮ ሄደ። ጠዋት ባሕሩ ባዶ ነበር።

ያች እናት በዚያች ጠዋት ጸሎትዋ እንዳልተሰማ ብታስብ ማን ይፈርድባታል? አውግስጢኖስ ግን በጎልማሳነቱ ይህን ሲያስታውስ፥ እግዚአብሔር በዚያች ሌሊት የለመነችውን ያልሰጣት ሁልጊዜ ትለምነው የነበረውን ሊሰጣት እንደ ሆነ ይመሰክራል። ወደ ሮም ባይሄድ ኖሮ ወደ ሚላኖ ባልዘለቀ፥ የቅዱስ አምብሮስዮስንም ስብከት ባልሰማ ነበር። በ387 (እ.አ.አ.) በፋሲካ ሌሊት በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። ሞኒካም በዚያው ዓመት ዐረፈች።

እኛ የምናየው የዛሬውን ባሕር ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ግን ማዶውንም ያያል። ስለዚህ ስንለምን የምንፈልገውን በግልጽ እንለምን፤ ከዚያም የልመናችንን ፍሬ ነገር እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቀው ዘንድ እንተውለት።

በሰንሰለት ያለ መነኵሴ

ነገር ግን፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሁሉም ታሪክ እንደ ሞኒካ ታሪክ በዐይናችን ፊት አያበቃም። ለዚህ ደግሞ የገዛ ሀገራችን ልጅ ምስክር ይሁነን።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 (እ.አ.አ.) በጎጃም ተወለደ። በልጅነቱ አንድ ዐይኑን አጣ፤ ነገር ግን እውነትን ለመፈለግ ከገዳም ወደ ገዳም፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲመረምር ኖረ። በ1841 (እ.አ.አ.) ወደ ግብፅ ከተላከው መልእክተኛ ጓድ ጋር ሲጓዝ፥ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር ሮም ደረሰ። በ1844 (እ.አ.አ.) ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በ1851 (እ.አ.አ.)፥ ሥልሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው፥ ቅዱስ ዮስጢኖስ የክህነትን ማዕርግ ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ በእምነቱ ምክንያት ታሰረ። በ1855 (እ.አ.አ.) በእግር ብረት እንደ ታሰረ የንጉሡን ሠራዊት ተከትሎ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይጎተት ነበር። በነሐሴ ወር በመንገድ ዳር ነፍሱ ከሥጋው ተለየች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ መስከረም 23 ቀን 1919 ዓ.ም. (እ.አ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1926) ብፅዕናውን ዐወጁ።

በዚያን ዘመን የነበረው የሃይማኖት ክርክር ዛሬ ለማንም ቂም ሊሆን አይገባም። ወንድሞቻችን ኦርቶዶክሳውያን በአንድ ወንጌል፥ በአንድ ጥምቀት፥ በአንዲት እመቤት ፍቅር ጎረቤቶቻችን ናቸው። እኛ ከብፁዑ የምንማረው ስለ ጸሎት ነው። ከሰንሰለቱ እንዲፈታ የጸለዩለት ወዳጆች ነበሩት። ሰንሰለቱ ግን አልተፈታም። የመቃብሩ ስፍራ እንኳ እንደ ነገሥታት መቃብር በሐውልት አልተለየም። ይሁን እንጂ እምነቱን ጠብቆ፥ አሳሪዎቹን ሳይረግም ዐረፈ። ቅዱስ ጳውሎስ መውጊያው ከሥጋው እንዲወገድለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለምኖ፥ መውጊያው ሳይወገድለት ጸጋ እንደሚበቃው እንደ ተነገረው ሁሉ (2ቆሮ. 12፥8-9)፥ ለዚህ አባትም የተሰጠው መልስ የጸጋ ብቃት ነበር። ይህ መልስ ከሩቅ ላለ ሰው ትንሽ ይመስላል። ለተቀበለው ግን ሁሉም ነገር ከእጁ ሲወሰድ የቀረለት ሀብት ነው።

መጸለይ ራሱ ሲያቅት

“አባቴ፥ መታገሥስ ይሁን፤ እኔ ግን መጸለይ ራሱ አቃተኝ፤ አፌን ስከፍት ቃል የለኝም” የሚሉም አሉ። ይህ እውነተኛ ሁኔታ ነው። ለዚህም ቤተ ክርስቲያን ልምድ አላት።

የቬትናም ተወላጅ የሆኑት ጳጳስ ፍራንስዋ ዣቪየ ንጉየን ቫን ቱዋን፥ ኋላ ካርዲናል የሆኑት፥ በ1975 (እ.አ.አ.) በፍልሰታ በዓል ቀን ተይዘው 13 ዓመት ታሰሩ፤ ከዚህም ዘጠኙን ዓመት ለብቻቸው ተዘግተው ኖሩ። በስውር በደረሳቸው ወይን ሦስት ጠብታ፥ በውኃም አንድ ጠብታ፥ በመዳፋቸው ላይ ቅዳሴ ይቀድሱ ነበር። እኒህ ታላቅ አባት በእስር ዘመናቸው መጸለይ ያልቻሉበት ረጅም ጊዜ እንደ ነበረ በግልጽ ጽፈዋል። ያን ጊዜ የራሳቸው ቃል ሲደርቅ፥ አቡነ ዘበሰማያትን፥ ሰላም ለኪን፥ የቅዳሴውንም ጸሎቶች ይዘው ቆዩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ2007 (እ.አ.አ.) ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክት ይህንኑ ምስክርነት አስታውሰዋል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በሰላም ጊዜ በቃል የተያዘ ጸሎት በመከራ ጊዜ ስንቅ ነው። ገበሬ እህሉን በጎተራ የሚያስቀምጠው በመኸር ሳይሆን በክረምት እንዲበላው ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ሕፃናትን ጸሎት በቃል ማስያዝ የቆየ ልማድ ብቻ አድርጋችሁ አትናቁት። ዛሬ ሳያስተውል የሚደግመው ሕፃን፥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ሲቆም የሚጨብጠው ያንኑ ቃል ይሆናል።

ቅዱስ አውግስጢኖስም በዚሁ ነገር ላይ የጻፈው አንድ መልእክት አለ። በ410 (እ.አ.አ.) ሮም በወራሪ ጦር እጅ በወደቀች ጊዜ፥ ፕሮባ የምትባል ባልዋ የሞተባት ባለጸጋ ሴት ሸሽታ ወደ አፍሪቃ መጣች። ስደተኛ ሆና እንዴት መጸለይ እንዳለባት ብትጠይቀው፥ ረጅም መልስ ጻፈላት። በመጻሕፍት ሁሉ ያሉ ጸሎቶች ቢመረመሩ፥ በአቡነ ዘበሰማያት ውስጥ የማይገኝ አንድም ልመና እንደሌለ ነገራት። የግብፅ መነኰሳት እንደ ፍላጻ የሚወረወሩ አጫጭር ጸሎቶችን ያዘወትሩ እንደ ነበርም አመለከታት፤ ትኵረት ሳይደክም ልብ ወደ እግዚአብሔር ይደርስ ዘንድ ነው። እኛም በእግዚኦታ የምናውቀው ይህንኑ ነው። ምሕረትን የምትለምን አንዲት አጭር ቃል፥ እንጨት እየለቀመ፥ ውኃ እየቀዳ፥ በአውቶቡስ ወረፋ ቆሞ፥ ሊደግማት የማይችል ሰው የለም። ሐዘኑ ከባድ የሆነበት ሰው መቁጠሪያውን በእጁ ይዞ ዝም ቢል እንኳ፥ እጁ እየጸለየ ነው።

በሐዘን ቤት ምን እንበል?

አሁን በተለይ ለእናንተ ለመምህራንና ለቁምስና ሽማግሌዎች አንድ ቃል አለኝ። ወደ ልቅሶ ቤት ስትገቡ የኢዮብን ወዳጆች አስቡ። ሦስቱ ወዳጆቹ ከሩቅ መጥተው፥ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም አደረጉ። ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። መከራው የኀጢአቱ ዋጋ መሆኑን ሊያስረዱት ደከሙ። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቈጣው እርሱን ለመከላከል በተናገሩት በእነዚያ ወዳጆች ላይ ነበር፤ ያጕረመረመውን ኢዮብን ግን በቅንነት እንደ ተናገረ መሰከረለት (ኢዮብ 42፥7)።

እንግዲህ ለሐዘንተኛ፥ “ይህ የመጣብህ በኀጢአትህ ነው” አንበል። “እምነትሽ ቢበረታ ኖሮ ልጅሽ ይድን ነበር” አንበል፤ ይህ ቃል በአንዲት ሐዘን ላይ ሁለተኛ ሐዘን ይጨምራል። በእምነት ብዛት ገንዘብና ጤና ይገኛል እያሉ የሚሰብኩ ድምፆች በከተማም በገጠርም በዝተዋል። እነርሱ የሚሰብኩት ክርስቶስ ጌቴሴማኒን ያላለፈ ክርስቶስ ነው። እንዲሁም ሰው ጸሎቱ የዘገየ ሲመስለው ወደ ጠንቋይና ወደ ክታብ ጸሐፊ ደጅ እንዲሄድ ይፈተናል። እዚያ የሚጠየቀው ዋጋ ብርና ዶሮ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው እግዚአብሔርን አባት ብሎ የሚጠራበትን ነጻነት ያስረክባል።

ይልቅስ እንቀመጥ። እናልቅስ። ሐዘንተኛው መጸለይ ካቃተው በአጠገቡ ሆነን እኛ እንጸልይለት። ሟቹን በቅዳሴ እናስብ። ከሰባተኛውና ከአርባኛው ቀን በኋላም፥ ድንኳኑ ተነቅሎ እንግዳ ሁሉ ሲሄድ፥ ያን ጊዜ ተመልሰን ደጁን እናንኳኳ። ሐዘን የሚከብደው ያኔ ነውና።

የእግዚአብሔር መልስ የእኛ እጅ ሲሆን

ሙሴ ከሸክሙ በታች ሆኖ ሲጮኽ ሰባ ሰዎች እንደ ተሰጡት ተናግረናል። በአበው ቃልም፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ብዙ ጊዜ፥ ጎረቤታችን እግዚአብሔርን የለመነው መልስ በእኛ ቤት ተቀምጦ ይገኛል። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2፥ ራቁቱንና የዕለት ጉርስ ያጣውን ወንድም በመልካም ምኞት ብቻ ማሰናበት ምንም እንደማይጠቅም ያስጠነቅቀናል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁና ረኃቡ ሀገራችንን ባጠቃ ጊዜ፥ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናትና ከዓለም ዙሪያ ከመጡ ረጂዎች ጋር ሆና እህል ስታከፋፍል፥ የተራበው ሰው ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ አልተጠየቀም። በዚያን ጊዜ ሌሊት የጸለየችው እናት መልስዋን ያገኘችው በስንዴ ጆንያ ነበር። ያን ጆንያ የተሸከመው ወጣት የእግዚአብሔር መልስ መሆኑን አላወቀ ይሆናል።

ዛሬም ልጆቻቸው በስደት ያሉባቸው ወላጆች በየቁምስናችን አሉ። ከዐረብ ሀገሮች አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ያሏቸው ሲሆኑ፥ በሌሎቹ ግን ክርስቲያን በአደባባይ ማምለክ አይፈቀድለትም፤ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በወጥ ቤት ጥግ ተሸሽጋ ታማትባለች። ለእነዚህ ልጆች ቤተ ክርስቲያን አንዲት አማላጅ ሰጥታለች። ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ በሱዳን፥ በዳርፉር ተወልዳ በልጅነትዋ ተሰርቃ ለባርነት ተሸጠች፤ ከድንጋጤ የተነሣ የገዛ ስምዋን እስክትረሳ ድረስ ተሠቃየች። ኋላ በኢጣልያ ነጻ ወጥታ በ1890 (እ.አ.አ.) ተጠመቀች፤ መነኵሲትም ሆነች። የመታሰቢያዋ ቀን፥ የፈረንጆች የካቲት 8፥ ከ2015 (እ.አ.አ.) ጀምሮ በሰው መነገድን በመቃወም የሚጸለይበት ቀን ሆኖአል። በዚያን ቀን በየቁምስናው የተሰደዱትን ልጆች በስም ጠርተን ብንጸልይ፥ ወላጆቻቸውንም ብንጠይቅ፥ ሊሄዱ የሚነሡትንም ወጣቶች ስለ ደላሎች ተንኰል ብናስጠነቅቅ፥ ጸሎታችን እግር ያወጣል።

መጨረሻ ቃል

በ1992 (እ.አ.አ.) የታወጀው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ አራተኛ ክፍሉን በሙሉ ለጸሎት ሰጥቶ፥ ከቁጥር 2725 ጀምሮ ጸሎት ትግል መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ በጸሎት መድከም የሽንፈት ምልክት አይደለም፤ የሚታገል ሰው ይደክማልና። ያዕቆብ ሌሊቱን ሁሉ ታግሎ፥ ሲነጋ በረከትን ተቀበለ፤ ነገር ግን እያነከሰ ሄደ። እኛም ከአንዳንድ ሐዘን የምንወጣው እያነከስን ነው። እያነከሰ የሚሄድ ግን ይሄዳል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፥ የተቀበረ ጥያቄ ያለው ሁሉ ጥያቄውን አውጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ያኑረው። ረጅም ቃል ካጣ አንድ መዝሙር ይድገም፤ መዝሙር ካቃተው አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ይበል፤ እርሱም ካቃተው በቅዱስ ቁርባን ፊት ዝም ብሎ ይቀመጥ። መጸለይ የሚችለውም ለማይችለው ይጸልይ። በቃና ሰርግ የወይኑን ማለቅ ከሁሉ አስቀድማ ያየች፥ በመስቀሉም ሥር እስከ መጨረሻ የቆመች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የጎደለንን ለልጅዋ ታሳስብልን። በሰንሰለት የጸለየው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፥ በቈላና በደጋ ከእኛ ጋር የደከመው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ይለምኑልን።

በጌቴሴማኒ ስለ እኛ ለተጨነቀ፥ በሦስተኛው ቀንም ለተነሣ ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ፥ ከአባቱና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር፥ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ዛሬም ዘወትርም ለዘለዓለሙ። አሜን።